እማዬ የመረጠችው ድራማ

ለማመን የሚከብደው ካለ እዚሁ ያቁም፤ አልቀየመውም።

እኔ ግን እዚያው ነበርኩ። በዓይኔ አይቻለሁ። ጨለማ አልነበረም፣ መብራት አልጠፋም፣ ዝናብም አልዘነበም።

ቅዳሜ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ሳሎናችን ምንጣፍ ላይ ተንጣልላለች። ክፉ ነገር የሚመጣበት ሰዓት አይመስልም...

መጣ።

ከመነሻው ልንገራችሁ። እኔ ማተሚያ ቤት ውስጥ ጠራዥ ነኝ። ሁለት ጣቢያ ያለው አንድ የቴሌቪዥን ድርጅት አዲስ ሲዝን በጀመረ ቁጥር የሚያወጣት የፕሮግራም መጽሔት አለች። ቀጭን ናት፣ አሥራ ስድስት ገጽ። የምንጠርዛት እኛ ስለሆንን ገና ቀለሟ ሳይደርቅ አንድ ይዤ ቤት እገባለሁ።

ቤታችን ውስጥ ደግሞ ያቺን መጽሔት የሚነካት አንድ ሰው ብቻ ነበር። አባባ።

አባባ የትምህርት ቤት ተቆጣጣሪ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ የሚቆጣጠሩት ትምህርት ቤት ስላጡ እኛን መቆጣጠር ጀመሩ።

መጽሔቷ ስትመጣ ቀይ እስክሪብቶ ይዘው ይቀመጣሉ። የሚታየው ላይ ራይት። የማይታየው ላይ ኤክስ። ከዚያ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ግድግዳው ላይ ይለጥፏታል። በቃ፣ ሌላ መጽሔት እስኪወጣ ድረስ እሱ ነው ሕጋችን።

የሚመርጡት ታዲያ ዜና ነው። ከዜናው ቀጥሎ የዜናው ትንታኔ። ከዚያ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በሁለተኛው ጣቢያ በትንታኔው ላይ የሚደረግ ክርክር።

እማዬ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ቅዳሜ እዚያው ዘጠኝ ሰዓት ላይ በአንደኛው ጣቢያ የሚተላለፍ ድራማ። አንድ ሐኪምና ሁለት እህትማማቾች ያሉበት። አባባ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ኤክስ አደረጉበት።

እማዬ ምን ታደርግ ነበር መሰላችሁ?

የጎረቤታችን የነርሷ ቴሌቪዥን ከኛ ወጥ ቤት ግድግዳ ጀርባ ነው። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እማዬ ሽንኩርት ልክተፍ ብላ ትገባና ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ትለጥፋለች። ሦስት ምዕራፍ ሙሉ እንዲህ ሰምታ ጨረሰች። ሁሉንም በድምፃቸው ለይታ ታውቃቸዋለች። መልካቸውን ግን አንድም ቀን አላየችም።

አባባ ካረፉ ስምንት ወር ሆኗቸው ነበር። የዚያን ቅዳሜ አራተኛው ምዕራፍ ይጀምራል።

እማዬ እጇን ታጥባ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ መጽሔቷን ጭኗ ላይ ዘረጋች።

«ዘንድሮ መልካቸውን ነው የማየው» አለችኝ። እንደ ልጅ ነበር የምትቁነጠነጠው።

በእርሳስ ድራማው ላይ ምልክት አደረገች። ቀጥላ አንድ የአትክልት ፕሮግራም መረጠች። ቀጥላ አንድ አስቂኝ ነገር። ክርክሩን ዘላ አለፈችው።

ከዚያ መስኮቱን ልንከፍት ተነሣን። ሁለታችንም። መስኮቱ ስለሚይዝ ብቻውን አንድ ሰው አይከፍተውም። ስንታገለው ቢበዛ አንድ ደቂቃ ነው።

ስንመለስ መጽሔቷ ተዘግታለች።

ነፋስ ይሆናል ብዬ ገለጥኳት።

ድራማው ላይ ቀይ ኤክስ አለ።

...

«አንቺ ነሽ?» አልኳት በሹክሹክታ።

«እኔ እኮ መስኮቱ ጋ ነበርኩ።»

«እኔም አጠገብሽ ነበርኩ።»

በአውራ ጣቴ ነካሁት። ቀለሙ ጣቴ ላይ ተላከከ። እርጥብ ነው። ቤታችን ውስጥ ደግሞ ቀይ እስክሪብቶ የሚባል ነገር የለም፤ ከአርባው ማግስት ሁሉንም ለቅሜ የጣልኩት እኔ ነኝ።

«ወንድምሽ ቁልፍ አለው» አለች እማዬ። «ገብቶ እየቀለደ ይሆናል። ደውዪለት።»

ታላቅ ወንድሜ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ከኛ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ነው የሚኖረው። ስደውልለት ቤቱ ነበር፤ ልጆቹ ከኋላ ሲንጫጩ ይሰማኛል። መጽሔቷ ላይ የሆነውን ነገርኩት።

«መጣሁ» ብሎ ዘጋው።

አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። ኤክሱን አየ። ቁጭ አለ። መኪና ሲነዳ ላብ የማያውቀው ሰውዬ ግንባሩ ረጥቧል።

«ተዉት» አለ።

«ምኑን?» አለች እማዬ።

«ድራማውን። ክርክሩን ክፈቱላቸው። ምን ይጎዳችኋል?»

«ለማን ነው የምንከፍተው?»

ወደ ኮሪደሩ አየ፤ ከዚያ ቶሎ ዓይኑን መለሰ።

«እኔ ቤት ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ክርክሩ ሊጀምር ሲል ቴሌቪዥኑ ራሱ ወደ ክርክሩ ጣቢያ ይዞራል። መጀመሪያ ታገልኩ። በኋላ ተውኩት። ልጆቹንም አስለመድኳቸው። አሁን ሰዓቱ ሲደርስ ራሳቸው ተነሥተው ይወጣሉ።»

«ስምንት ወር ሙሉ?» አልኩት።

«ስምንት ወር ሙሉ።»

እማዬ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ መነጽሯን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና መልሳ አደረገችው።

«የኔ ልጅ፣ አንተ ልማድ ይዞህ ነው። እኔ ግን ልማዴን ጨርሻለሁ። ክፈቺው» አለችኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሦስት ደቂቃ ይቀረዋል።

ከፈትኩት። የድራማውን ጣቢያ አመጣሁ። ማስታወቂያ ነው። የሳሙና።

ጠፋ።

ክርክር። ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይጯጯሃሉ።

መለስኩት። ሳሙናው መጣ። እስከ አራት ሳልቆጥር... ክርክር።

ሪሞቱን ገልብጬ ባትሪዎቹን አወጣሁና መዳፌ ላይ ያዝኳቸው። ወንድሜ እያየኝ ነው። ባትሪዎቹ በእጄ እንዳሉ ድምፁ ከፍ አለ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አባባ በሚወዱት ልክ ሲደርስ ቆመ።

ከዚያ ነው ከኮሪደሩ የሰማነው።

«እህህም...»

ጉሮሮ መጥረግ። አባባ ትእዛዝ ከመስጠታቸው በፊት እንዲህ ነበር የሚያደርጉት። እኛ ቤት ያንን ድምፅ የሰማ ሰው ሥራ ያለው ይመስል ይበተናል።

እኔ ተነሥቼ ቆሜያለሁ። መቼ እንደተነሣሁ አላውቅም። ወንድሜም ቆሟል።

እማዬም ከመቀመጫዋ ግማሽ ድረስ ተነሣች። ፊቷ ወደ ወጥ ቤቱ ዞሯል። ጉልበቷ ተጣጥፎ፣ እጇ የሶፋውን ክንድ እንደያዘ... እዚያው ቀረች።

ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«አልነሣም» አለች። ለኛ አልነበረም።

ወንድሜ «እማዬ፣ ስለ ፈጠረሽ» አለ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ተነሥቻለሁ። እሳቸው እህህም ሲሉ ተነሥቻለሁ፣ ሲገቡ ተነሥቻለሁ፣ ሲበሉ ቆሜ ጠብቄያለሁ። የሰው ድራማ በግድግዳ ሰምቻለሁ። ዛሬ ግን አልነሣም።»

ኮሪደሩ ውስጥ ወለሉ ሲጢጥ አለ። አንድ ጊዜ። ከዚያ ቀረብ ብሎ፣ አንድ ጊዜ።

እማዬ ያኔ ተነሣች። ወደ ወጥ ቤቱ ግን አልሄደችም። ቀጥ ብላ ወደ ቴሌቪዥኑ ሄደች።

ቴሌቪዥናችን ያረጀ ነው፤ ቁልፎቹ ከጎኑ ናቸው። ጣቢያ መቀየሪያውን በሌባ ጣቷ ተጫነችና እዚያው ያዘችው። ሳሙናው ተመለሰ። ክርክሩ ሊመጣ ሲል ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ትጫናለች፣ ይመለሳል።

ከዚህ በኋላ የምነግራችሁን ሁለት ሜትር ላይ ቆሜ ነው ያየሁት።

የእማዬ እጅ አንጓ ላይ ቆዳው ወደ ውስጥ ገባ። አራት ቦታ። ጎን ለጎን። የሆነ ነገር ጥርቅም አድርጎ እንደያዛት። ክንዷ ወደ ኋላ ተጎተተ፤ ትከሻዋ አብሮ ዞረ። ጣቷ ግን ከቁልፉ አልተነሣም።

«ይልቀቁኝ» አለች።

ጉድጓዶቹ ጠለቁ። ነጭ ሆኑ።

ልሄድላት ፈለግሁ፤ ባትሪዎቹን እንደጨበጥኩ እዚያው ቀረሁ። ወንድሜ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።

እማዬ ፊቷን አዞረች። ከጎኗ ምንም የለም። ባዶ አየር ነው። ግን የሆነ ቁመት ላይ፣ የሰው ዓይን በሚሆንበት ቦታ፣ ትክ ብላ አየች።

«ልቀቀኝ አንተ።»

አንተ...

በሕይወቴ እማዬ አባባን «አንተ» ስትል የሰማሁት ያኔ ነው። በቁማቸው አንድም ቀን ብላቸው አታውቅም። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ወጥ ቤት ውስጥ ድመት የምታባርርበት ድምፅ ነው።

«ስማኝ። ከፈለግህ ቁም፣ ከፈለግህ ተቀመጥ። ይሄንን ግን እኔ መርጫለሁ።»

ቤቱ ውስጥ የክርክሩም፣ የሳሙናውም ድምፅ ጠፋ። የኔ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል።

ከዚያ ክንዷ ወደ ፊት ተስፈነጠረ፣ ገመድ ሲበጠስ እንደሚሆነው። ቆዳዋ ቀስ እያለ ተሞላ። አራት ቀያይ ምልክቶች ቀሩበት።

የድራማው ሙዚቃ ጀመረ።

በግድግዳው በኩልም ጀመረ። ነርሷም ከፍታው ነበር።

እማዬ አንጓዋን እያሻሸች መጥታ ተቀመጠች። ሐኪሙ ሲገባ በድምፁ ለየችው።

«ይሄ ነው እንዴ?» አለች። «እኔ እኮ ወፍራም መስሎኝ ነበር። እንዴት ያለ ቀጫጫ ነው።»

ሳቅሁ። ስስቅ እንባዬ ወረደ። ወንድሜም ከግድግዳው ተላቆ ከጎኗ መጥቶ ተቀመጠና የቀላ እጇን ጭኑ ላይ አስቀመጠው። በዚያው ሳምንት እሱም በቤቱ እንደ እማዬ እምቢ አለ፤ ልጆቹ ሲነሡ «ቁጭ በሉ» አላቸው። ቴሌቪዥኑ ሁለት ጊዜ ዞረ፣ ወንድሜ ሁለት ጊዜ መለሰው፣ በሦስተኛው ሳይዞር ቀረ። የክርክሩ ሰዓት ላይ አሁን ካርቱን ያያሉ።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ይለኝ ነበር።

ግን በዚያው ቅዳሜ፣ ድራማው ሊያልቅ ሲል፣ የፍርድ ቤት ትዕይንት ነበር። አዳራሹ በሰው ሞልቷል። ሁሉም ፊታቸውን ወደ ዳኛው አዙረዋል፤ የሚታየን ጀርባቸው ነው።

ከመጨረሻው መደዳ አንድ ሰውዬ ግን ዞሮ ተቀምጧል። ወደኛ።

ፊቱ ደብዛዛ ነው። አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል። የሚለው አይሰማም።

እማዬ ሪሞቱን ከጠረጴዛው አነሣች፣ ባትሪዎቹን ከእጄ ተቀብላ ከተተች፣ የዳኛውን ፍርድ ለመስማት ድምፁን ጨመረች።

በነጋታው ነርሷን ጠየቅኳት።

«ዞሮ የተቀመጠው ሰውዬ ማነው?»

«የምን ሰውዬ?» አለችኝ።

በቀጣዩ ቅዳሜ የሆስፒታሉ በረንዳ ላይ፣ ከአልጋዎቹ ወዲያ ቆሞ ነበር። ከዚያ በኋላ ባለው ደግሞ ሐኪሙ ቤት፣ ደረጃው ላይ።

«እንተወው ይሆን?» አልኳት እማዬን።

«ምን በወጣኝ» አለች። «ሃያ ስድስት ክፍል ነው፤ ሃያ ስድስቱንም አያለሁ።»

ትናንት ቅዳሜ ነበር። አምስተኛው ክፍል። ታናሽ እህትየዋ መናፈሻ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ስለ እናቷ ታወራለች። በዙሪያዋ ማንም አልነበረም። ሦስታችንም አየን። ዛፎቹ መካከልም፣ መንገዱ ላይም ፈለግን። የለም።

«ሄደ ማለት ነው» አለ ወንድሜ።

እማዬ ወንበሯን ወደ ቴሌቪዥኑ ሳበች።

እህትየዋ ወሬዋን አላቋረጠችም። ዓይኗንም ከፊቷ አላነሣችም። ብቻ የቀሚሷን ጫፍ ሰብሰብ አደረገችና፣ ለሚቀመጥ ሰው ቦታ እንደሚለቀቀው፣ ወደ ዳር ጠጋ አለች...