ቀዩና አረንጓዴው ፈረሰኛ

ጡረተኛው መምህር ከመስኮቱ ሥር በጀርባቸው ወድቀው ተገኙ። ጭንቅላታቸው የመስኮቱን የድንጋይ ደፍ መትቷል፤ የሸሚዛቸው አንድ አዝራር ተበጥሶ ወለሉ ላይ ተንከባሏል። ኮሌታቸውን ጨምድዶ የገፈተራቸው ሰው አለ ማለት ነው። በክፍሉ መሃል ያለው ጠረጴዛ ግን ምንም አልሆነም። በካሬ በካሬ የተከፋፈለ ሰሌዳ ተዘርግቶበታል፤ የአውራ ጣት ቁመት ያላቸው ቀለም የተቀቡ ምስሎች፣ ፈረሰኛው፣ ቀስተኛው፣ ጠንቋዩ፣ በየካሬያቸው ቆመው ተጫዋች ይጠብቃሉ።

የመምህሩን ልጅ ያሳሰሯት እነዚህ ምስሎች ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መምህሩ በየሳምንቱ ወዳጆቻቸውን ሰብስበው ተረት ያጫውቱ ነበር። እሳቸው ይተርካሉ፤ እያንዳንዱ ተጫዋች በታሪኩ ውስጥ አንድ ሰው ይሆናል፤ ሰሌዳው ላይ ደግሞ እሱን የሚወክል ነገር ይቆምለታል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዓይናቸው ጠፋ፤ ጨዋታው ግን አልቀረም። በሞቱበት ቀን የድሮ ጓደኛቸው ሠዓሊው ሊጠይቃቸው መጥቶ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጣ። «ስወጣ ጠረጴዛው ባዶ ነበር፤ ለመደርደር ሲነሳ ተለየሁት» ይላል። ዓይነ ስውር ሰው ያን ሁሉ በዳበሳ ለመደርደር ጊዜ ይፈጅበታል። ስለዚህ ሠዓሊው ከሄደ በኋላ መምህሩ በሕይወት ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቤቱ የገባችው ልጃቸው ብቻ ናት፤ ገብታም ወዲያው አልጮኸችም። ያን ቀን ጠዋት ደግሞ «ሰለቸኝ! አንገፈገፈኝ!» ስትል ጎረቤት ሰምቷታል። በቃ፣ ያለቀለት ጉዳይ! ነገ ፍርድ ቤት ልትቀርብ ነው።

የመምህሩ ታላቅ እህት ጣቢያው በር ላይ ቆመው የገባ የወጣውን ሁሉ ይለምናሉ። መርማሪዋን ሲያዩ እጇን ጭምድድ አድርገው ያዙ። ይህችን ሴት ባልደረቦቿ «እንቅፋት» ይሏታል፤ የተዘጋ መዝገብ ሁሉ እግሯን ይመታታልና።

«የኔ ልጅ» አሉ አክስትየዋ፣ «ወንድሜን ቀብሬ ሳልመለስ ልጁን ከነነፍሷ ልትቀብሩብኝ ነው? እኔ ከእሷ በቀር ማን አለኝ?»

«እትዬ፣ እሷ እኮ ራሷ አምናለች።»

«ውሸቷን ነው! ትንኝ እንኳ ገድላ አታውቅም!» አሉ። መርማሪዋ እጇን ለማስለቀቅ አልሞከረችም።

ጣቢያው ውስጥ ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ዓይኗ አብጧል።

«ጻፊው» አለች ቀና ሳትል፣ «እኔ ነኝ።»

«እንዴት ገደልሻቸው?»

«ከፋርማሲ መጣሁ። ክፍሉ ጭጭ ብሏል። ተኝቷል ብዬ ደስ አለኝ። ትሰሚያለሽ? ደስ አለኝ! ማንም ሳይጠራኝ ትንሽ ልረፍ ብዬ ወጥ ቤት ተቀመጥኩ። እሱ እዚያ ሲሞት እኔ እዚህ እግሬን ዘርግቼ...»

«ሐኪሙ ወዲያው ነው የሞቱት፣ አንቺ ከመምጣትሽም በፊት ሊሆን ይችላል ብሏል።»

«ልታጽናኚኝ ነው።»

«እኔ ሰው ማጽናናት አልችልበትም፤ የፈለግሽውን ጠይቂ። ይልቅ ጠረጴዛውን አይተሽዋል?»

«ያየሁት አባቴን ነው። ከዚያ ፖሊስ ክፍሉን ዘጋው።»

«ጨዋታው ላይ አንቺ ምንሽ?»

ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «የፀጉር ማስያዣ። አክስቴ ቀለበት ናት፣ ባለሱቁ ቆርኪ። አባዬ ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ እንዲህ ነው የምንመርጠው። አንድ ሰው አዲስ ነገር ሲያመጣ አባዬ በጣቱ ይዳስሰዋል፤ ከሌላው ካልተለየለት ይመልሰዋል። ሁላችንንም ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ነው የሚያኖረን።»

መርማሪዋ ወደ ቤቱ ሄዳ ጠረጴዛው ፊት ለረጅም ጊዜ ቆመች። ጣሳው መደርደሪያው ላይ ክዳኑ እንደተከደነ ነው። ከዚያ መንገዱን ተሻግራ ባለሱቁ ጋ ገባች።

«እኔ ቆርኪ ነኝ» አለ ባለሱቁ ዓይኑን እየጠረገ። «መጀመሪያ ሳንቲም ልሁን ብዬ ነበር፤ ‹አንተ ሳንቲም ካየህ ኪስህ ትከተዋለህ፣ ከጨዋታው ትጠፋብኛለህ› አሉኝ። አይ መምህሬ! ባለፈው ሳምንት እንኳ ትንሽ ሞረድ ከኔ ገዙ። ‹ምን ሊያደርግልዎት?› ብላቸው ‹ያኮረፈ ሰው ላስታርቅበት› ብለው ሳቁ።»

«ሠዓሊው ሲወጣ አነጋግሮሃል?»

«‹ጠረጴዛ ሊደረድር ነው፣ ማንም እንዳይረብሸው› ብሎኝ አለፈ። ወትሮ ሰላምታም አይሰጠኝ።»

ሠዓሊውን የሥራ ክፍሉ ውስጥ አጉሊ መነጽር ላይ አቀርቅሮ አገኘችው። ከፊቱ ከፀጉር የቀጠኑ ብሩሾች፣ በጠርሙስ ክዳን ላይ የተበጠበጡ ቀለሞች፣ ገና ፊት ያልወጣላቸው ነጫጭ ምስሎች ተደርድረዋል።

«ከጨዋታው ለምን ወጡ?» አለችው።

«እኔ ነኝ የወጣሁት?» አለ ብሩሹን እያስቀመጠ። «ከወጣትነታችን ጀምሮ የቀባሁለትን ሁሉ መሳቢያ ውስጥ ከተተና ጥራጊ ጠረጴዛ ላይ አወጣ! ያን ዕለት ተነሥቼ ሄድኩ። ምን እንደመረጡም ማወቅ አልፈለግኩም።»

«አሁን ታዲያ ምን ወሰድዎት?»

«ሰው አይደለሁ? ናፈቀኝ። አዲስ የሠራኋቸውን ወሰድኩለት። አመሰገነኝ፣ ወጣሁ።»

«ለአንድ ጨዋታ ምስል የሚመረጠው በምንድን ነው?»

«በቀለም ነዋ!» ፊቱ በራ። «ከአንድ ቅርጽ ማውጫ የወጡ ሁለት ፈረሰኞች ስጪኝ። አንዱን ቀይ፣ አንዱን አረንጓዴ እቀባቸዋለሁ፤ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይሆናሉ።»

«እህ» አለች መርማሪዋ። ሌላ ምንም አልጠየቀችውም።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም መምህሩ ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ልጅቷን ፖሊስ ይዟት መጣ፤ ለአክስትየዋ ባለሱቁ ወንበር አቀረበላቸው። ሠዓሊው በሩ አጠገብ ቆመ።

መርማሪዋ ከሰሌዳው ላይ ቀዩንና አረንጓዴውን ፈረሰኛ አነሣች።

«እርስዎ፣ እስቲ ዓይንዎን ይጨፍኑ» አለችው ሠዓሊውን፤ ምስሎቹንም መዳፉ ላይ አኖረች። «እነዚህ የእጅዎ ሥራዎች ናቸው። ቀዩ የቱ ነው?»

ሠዓሊው ዳሰሰ። ደግሞ ዳሰሰ። አውራ ጣቱ ከፈረሱ አንገት ወደ ጦሩ፣ ከጦሩ ወደ መቆሚያው ሄደ።

«እንዴት አውቃለሁ?» አለ።

«መምህሩስ እንዴት ያውቁ ነበር?»

ሠዓሊው ምስሎቹን መዳፉ ውስጥ ጨበጣቸው።

«ይህን ጠረጴዛ የደረደረው ዓይን ያለው ሰው ነው» አለች መርማሪዋ። «መምህሩ በጣታቸው የማይለዩትን ነገር አያስቀምጡም። ልጃቸው፣ እህታቸው፣ ባለሱቁም ይህን ያውቃሉ፤ እነሱ ቢደረድሩ ጣሳውን ነበር የሚከፍቱት። የውጭ ሌባም አይደለም፤ ሌባ ቁጭ ብሎ ምስል በየካሬው አያቆምም። ጨዋታውን የሚያውቅ፣ ግን የመምህሩ ዓይን ከጠፋ ወዲህ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የማያውቅ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው።»

«ልጅቷ ልታሳብብብኝ ደርድራው ቢሆንስ?» አለ ሠዓሊው። ዓይኑን ገልጧል።

«ይህ ጠረጴዛ ባዶ ቢሆን ኖሮ ማንን እንይዝ ነበር? መጨረሻ ከእሳቸው ጋር የነበረውን፣ እርስዎን። መደርደሩ የጠቀመው እርስዎን፣ የጎዳው እሷን ብቻ ነው። ሰው ራሱን ለማሰር እንዲህ አይለፋም። ደግሞ ለባለሱቁ የነገሩት፣ ማንም እንዳይገባ ነው።»

አክስትየዋ «ወይኔ ወንድሜን!» ብለው ደረታቸውን መቱ። ሠዓሊው የያዛቸውን ፈረሰኞች አየ።

«ሰደበኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ዕድሜዬን ሙሉ ቀባሁለት። ‹ቀለም ከእንግዲህ ለኔ ምኔም አይደለም› አለኝ። ሰደበኝ።»

«አልሰደቡዎትም። ያለውን ነገር ነው የነገሩዎት። እንደ ነገሩ ሰምተውት ቢሆን ኖሮ እነዚህን ሁለቱን አያቆሟቸውም ነበር።» ከቦርሳዋ ትንሽ ፖስታ አወጣች። «አሁን እንደገና ይጨፍኑ። ይህ ከሆስፒታል፣ ከኪሳቸው የተገኘ ነው።»

ሠዓሊው ጨፈነ፤ ፈረሰኞቹን ወስዳ ከፖስታው ያወጣችውን ምስል መዳፉ ላይ አኖረች። ጣቱ ምስሉን ዞረውና መቆሚያው ላይ ቆመ። «ይሄኛው... ጠርዙ ተሞርዷል።»

«አዎ። በዳበሳ ነው የሞረዱት፤ ጣታቸውም ቆስሎ ነበር። የእርስዎን ምስሎች በጣት የሚለዩ አድርገው ወደ ጠረጴዛው ሊመልሷቸው ጀምረው ነበር። መጀመሪያ የሞረዱትን ይመልከቱት።»

ሠዓሊው ዓይኑን ገለጠ። መዳፉ ላይ የቆመው ሰማያዊ ካባ የለበሰ መንገደኛ ነበር፤ ሁለቱም ጎረምሶች ሳሉ ለራሱ መርጦ የቀባው፣ መሳቢያ ውስጥ የቀረ የመሰለው የራሱ ምስል።

«ሊያስቀምጡዎት ነበር» አለች መርማሪዋ።

«‹ቆይ› ብሎኝ ነበር» አለ ሠዓሊው። «‹ቆይ አንዴ› አለኝና እጁን ኪሱ ከተተ። እኔ ኮሌታውን ይዤ ነበር... አላስጨረስኩትም። አምላኬ! አላስጨረስኩትም!»

ፖሊሱ ልጅቷን ለቆ ወደ እሱ ሄደ። ሲወስዱት ሠዓሊው መለስ ብሎ «እሱን እንኳ ልያዘው?» አለ።

ልጅቷ ምስሉን ከመዳፉ ላይ አነሣች። «አይሆንም። አባቴ የቆሰለበት ነው» አለችው።

ከዚያ ጣሳውን ከመደርደሪያው አውርዳ ከፈተች፤ መንገደኛውን ከፀጉር ማስያዣው፣ ከቀለበቱና ከቆርኪው ጋር አስቀመጠችው። አክስትየዋ ከኋላዋ መጥተው አቀፏት።

«በቃ ልጄ፣ ተፈታሽ። ትንሽ አረፍ በይ።»

ልጅቷ የአባቷን ባዶ ወንበር እያየች ቆመች።

«አክስቴ» አለች፣ «ከእንግዲህ ማን ይጠራኛል?»