ርችቱና የአባ ካሳ በሬ

ሁለተኛው ርችት ሰማዩ ላይ ተበትኖ አረንጓዴና ወርቅማ ሲሆን መርዋ እያጨበጨበች ትዘል ነበር። የምታጨበጭበው እሷ ብቻ እንደሆነች ያወቀችው ዘግይታ ነው።

ድቤው ቆሟል። አሁን ሲዘፍኑ የነበሩት ሴቶች ዳሱ ውስጥ መሬት ላይ ተኝተዋል፤ ገሚሶቹ ልጆቻቸውን ሆዳቸው ሥር ሸሽገዋል። እናቷ አምፖሉን አጥፍታ «ዝቅ በይ! ዝቅ በይ!» ትላለች። መግሪብ ተሰግዶ ብዙም አልቆየም፤ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለው በዚያ መንደር ግን መብራቱ ከቤት ቤት እየተከታተለ ጠፋ። ጥላ ባየ ቁጥር የሚጮኸው ውሻቸው እንኳ ዛሬ አልጮኸም፤ አልጋ ሥር ገብቶ ይንቀጠቀጣል።

«ኧረ ርችት ነው! የደስታ ነው!» እያለ አጎቷ ሱሌማን ወዲያ ወዲህ ይሮጣል። ሱሌማን ከሳዑዲ የተመለሰ ሰሞን የዒድ ርችት በስልኩ አሳይቷት ነበር። ከዚያ ወዲህ መርዋ «ለፈይዛ ሰርግ ካልገዛህልኝ አላናግርህም» እያለች ቁም ስቅሉን አሳየችው። እሱ ደግሞ የወንድሙን ልጅ እምቢ ማለት አይሆንለትም፤ ከአዲስ አበባ አስመጣላት።

ቆየት ብሎ ሰዉ ተነሣ፤ አቧራውን አራገፈ። አንዳንዱ በራሱ ሣቀ፤ ሣቁ ግን ደስ አይልም ነበር። ድቤው እንደገና ቢመታም የሚቀበለው ሰው አነሰ።

በማግስቱ የእህቷ የፈይዛ ሰርግ ነው። በእነሱ አገር የሙስሊም ሰርግ ያለ ክርስቲያን ጎረቤት ሰርግ አይባልም፤ ለክርስቲያኖቹ የሚቀርበውን በግ የሚባርከውና የሚያርደው ደግሞ ክርስቲያን ነው። በመርዋ ቤት ይህ ሥራ ሁልጊዜም የጎረቤታቸው የአባ ካሳ ነበር። ቢላዋቸውን ስለው ማንም ሳይመጣ ከተፍ ይሉና «የእኛን በግ ብቻ ለምንድን ነው የምታከሱት?» እያሉ እናቷን ያበሽቋታል። ዛሬ ግን ፀሐይዋ ከፍ እስክትል አልታዩም።

«መርዋ፣ ሂጂና ጥሪያቸው» አለች እናቷ።

ሱሌማን በር ላይ ያዛት። «ስሚ፣ ርችት የሚባል ነገር እንዳታነሺ። ክልክል ነው፣ ሚሊሻዎቹም ከማን ቤት እንደተተኮሰ እያጠያየቁ ነው። እንግዳውን ሁሉ ለምኜ ነው ዝም ያሰኘሁት። አባ ካሳ ደግሞ ነገር ሆዳቸው ውስጥ አያድርም። ከጠየቁሽ፣ ማታ ተኩስ ነበር፣ አለፈ፣ በቃ። ወላሂ፣ በእህትሽ ሰርግ እንዳታሳስሪኝ።»

የአባ ካሳ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጋጣው ባዶ ነው፤ የበሬው ገመድ ተፈትቶ መሬት ላይ ወድቋል። መርዋ ገመዱን ስታይ ወዴት እንደሄዱ ገባት። በጦርነቱ ጊዜ ተኩስ ሲሰማ መንደሩ መብራት ያጠፋል፣ ከብት ይፈታል፣ ገደል ሥር ይወርዳል። ያን ጊዜ አባ ካሳ ላማቸውን ሳይፈቱ ሮጡ። ሲመለሱ ከነገመዷ ተቃጥላ አገኟት። ስለዚያች ላም ፊታቸው የሚያወራ ሰው የለም።

ገደሉ ሥር፣ ድንጋዩ እንደ ጣራ በወጣበት ቦታ አገኘቻቸው። የልጅ ልጃቸው አልታዬ በጋቢያቸው ተጠቅልላ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛለች።

«አንቺ ልጅ፣ እንዴት ብቻሽን ወጣሽ?» አሉ አባ ካሳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የት ደረሱ? ወደ ከተማው ናቸው ወይስ ወደ እኛ?»

«እነማን?»

«ተኳሾቹ ናቸዋ! ያን ጊዜም ሰማዩን አብርተው ነው የጀመሩት።» ከዚያ ቀና አሉ። «በሬውን ፈታሁት። ደንብሮ በጨለማ ወደ ታች ወረደ፣ የት እንደገባ እንጃ። ግን ወላሂ፣ ዘንድሮስ አስሬው አልሸሸሁም።»

ሲናገሩ ኩራት ነበረባቸው። መርዋን ከሁሉ በላይ የጎዳት ይህ ኩራት ነው። «አለፈ» ብትላቸው ኩራታቸውም ይተርፋል፣ አጎቷም ይተርፋል። ግን አልታዬን አየቻት። ልጅቷ ገና አሁንም ቀጣዩን ፍንዳታ እየጠበቀች ነበር። ዛሬ ማታም ትጠብቀዋለች፤ ነገም።

«አባ ካሳ፣ ተኩስ አልነበረም» አለች። «ርችት ነው፣ የሰርግ። ከእኛ ቤት ነው። ግዛልኝ ብዬ አጎቴን የነዘነዝኩት እኔ ነኝ።»

«ምን ይሁነኝ ብለሽ?»

«ያምራል ብዬ።»

«ለጨዋታ ነው እንግዲህ በሬዬን የለቀቅሁት» አሉ ሽማግሌው። ቀና ያለው ትከሻቸው ወረደ። መርዋ አፈረች፤ ምናለ በጮኹብኝ አለች በሆዷ።

አልታዬ አንድ እጇን ከጆሮዋ አነሣች። «ጨዋታ ነው?»

«አዎ። ሁለተኛ አይተኮስም።»

ከላይ የመኪና ጡሩንባ ደጋግሞ ጮኸ። ልጅቷ ተመልሳ ጋቢው ውስጥ ገባች።

«መኪና ነው፣ አይዞሽ» አለች መርዋ። «የሙሽራው ሰዎች ናቸው።»

ሙሽራው የአጅባር ልጅ ነው። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ምሳ እንደበሉ ፈይዛን ይዘዋት ይነሣሉ።

«ሩጪ እንጂ» አሉ አባ ካሳ። «እህትሽ ሳትሰናበቻት ልትሄድ ነው?»

መርዋ ወደ ላይ አየች። ከዚያ ወደ ታች አየች። የበሬው ዱካ ለስላሳውን አፈር እየጫረ፣ ቁጥቋጦውን እየሰባበረ ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ መጨረሻው አይታይም። ተረከዙ ከፍ ያለውን አዲሱን ጫማዋን አወለቀች።

«በሬው ማን ነው ስሙ?»

«ቦራ።»

ጡሩንባው እንደገና ጮኸ። መርዋ በባዶ እግሯ ዱካውን ይዛ ቁልቁል ወረደች።

«ቦራ!» እያለች ተጣራች። «ቦራ! ና፣ ምንም የለም!»