ባዶው መስፍ ሁለቴ ሲመታ

"ቁስ አካል ከሐሳብ ይቀድማል" ብዬ በፈተና ጽፌ ሙሉ ነጥብ ያገኘሁ የኮሌጅ ተማሪ ነኝ፣ መንፈስ ነው፣ ጥላ ነው የሚባል ወሬ ሲነሳ ከሁሉ ቀድሜ የምስቀው እኔ ነበርኩ፣ አሁንም መሳቅ ብችል ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ባለፈው ክረምት ቡሌ ላይ የሆነውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልንገርህና አንተው ፍረድ።

ክረምቱን ያሳለፍኩት ከዲላ በላይ ደጋው ላይ ባለችው ቡሌ፣ አጎቴ ቤት ነው። ዲላ ላለችው እናቴ በገዛ እጄ የሠራሁትን ቢላዋ ይዤላት ልገባ ቃል ገብቼ ስለነበር፣ አጎቴ "ኮሌጅ የገባ ልጅ ቀጥቃጭ ቤት ምን ይሠራል?" እያለ ቢያጉረመርምም በየቀኑ ጋሽ በራሶ ዘንድ እሄድ ነበር። ጋሽ በራሶ ከአሮጌ መኪና የባሌስትራ ብረት ቢላዋ የሚያወጡ ሰው ናቸው፣ የእሳቸው ቢላዋ እንሰት ሲቆርጥ ቅቤ የሚቆርጥ ይመስላል። የመጀመሪያውን ሳምንት ወናፍ ብቻ አስነፉኝ፣ መዳፌ ውሃ ሲቋጥር አይተው "የተማረ እጅ እንደ ሙዝ ነው፣ ቶሎ ይላጣል" ብለው ሳቁብኝ፣ እኔም ደስ እንዲላቸው አብሬ ሳቅኩ።

አንድ ሕግ ነበራቸው፣ ብረት የሚቀጠቀጥበትን መስፍ ባዶውን መምታት ክልክል ነው። ለምን ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ልጄን የምጠራው እንደዚያ ነበር" አሉኝ። "እኔ ብረቱን በጉጠት ይዤ በትንሹ መዶሻ ቦታውን አሳያለሁ፣ ታደለ በትልቁ ይመታል። እንሰቱ ውስጥ ይሁን፣ ገበያ መንገድ ላይ ይሁን፣ ባዶውን መስፍ ሁለቴ ጢን ጢን ካደረግኩ ይመጣል።"

ታደለ ለውትድርና ከተወሰደ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ደብዳቤ የለም። ትልቁ መዶሻው ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው።

"ታዲያ አሁን ቢመቱት ምን ይሆናል?" አልኩ፣ ተማሪ አይደለሁ።

"በሕይወት ካለ ያለው ሩቅ ነው፣ አይሰማኝም" አሉ እሳቱን እየቆሰቆሱ። "ከሰማኝ ግን በሕይወት የለም ማለት…" መቆስቆሻውን ጣል አደረጉ። "ንፋ! ወናፉን ንፋ፣ አታውራ!"

ወደ ዲላ ልመለስ አንድ ቀን ሲቀረኝ ጋሽ በራሶና ባለቤታቸው ቀብር ሄዱ፣ እኔ ቢላዋዬን ልጨርስ ብቻዬን ቀረሁ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ቢሆን ነው፣ የቡሌ ጉም ግን ሰዓት አያከብርም፣ ግቢውን ሁሉ ውጦ በሩ ላይ ቆሟል። ብረቱ ወፍራም ነው፣ አግዬ ሳወጣው ሦስቴ እንኳ ሳልመታው ይጠቁራል፣ አልሳሳ አለኝ። ሁለተኛ ሰው ያስፈልገኝ ነበር። ተናደድኩና፣ እመነኝ ለቀልድ ያህል ነው፣ ባዶውን መስፍ ሁለቴ መታሁት። ጢን፣ ጢን።

መጀመሪያ የሰማሁት የእንሰት ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ነው፣ ንፋስ ግን አልነበረም። ቀጥሎ ጭቃ ውስጥ የሚራመድ ጫማ፣ ከባድ፣ የወታደር ከስክስ የመሰለ፣ ቀስ ብሎ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። "ማነው? ግባ!" አልኩ። ጉም ብቻ። ጎረቤት ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናንቼ ስዞር፣ ትልቁ መዶሻ ከተሰቀለበት ሳይወርድ ወዲያ ወዲህ ይወዛወዛል።

መሮጥ ነበረብኝ፣ አውቃለሁ፣ ግን ብረቱ ግሎ ነበርና እጄ የለመደውን ሠራ፣ አውጥቼ መስፉ ላይ አስቀምጬ መታሁ። ጢን። ወዲያው ከእኔ ቀጥሎ ሌላ ምት፣ ዱም፣ መሬቱ እግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ፣ እኔ ባልነካሁት ቦታ ብረቱ ዓይኔ እያየ ጠፍጠፍ አለ። ጢን፣ ዱም። ጢን፣ ዱም። ማቆም ፈራሁ፣ ካቆምኩ ምን እንደሚመጣ አላውቅም፣ ብረቱ እስኪጠቁር መታሁ፣ ከዚያ ጉጠቱን ጥዬ መንገድ ላይ ወጣሁ።

ጋሽ በራሶ ሲመለሱ እዚያው ቆሜ አገኙኝ። ገብተው ቢላዋውን አንስተው ወደ ብርሃኑ አዘነበሉት፣ የምቱን ዱካ በአውራ ጣታቸው አንድ በአንድ ዳሰሱ።

"አንተ ግራኝ ነህ እንዴ?"

"አይደለሁም ጋሼ።"

"ማን አገዘህ?"

"ማንም።"

"እንዲህ የሚመታ ታደለ ነው፣ በግራው" አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ቀና ብለው "መስፉን… ባዶውን አልነካኸውም አይደል?"

ፊታቸውን ብታይ አንተም እንደ እኔ ትል ነበር።

"አልነካሁም ጋሼ።"

ቁጭ አሉ። ትንሹን መዶሻ አንስተው ከባዶው መስፍ በላይ ያዙት። ባለቤታቸው ከበሩ ላይ "ተው! ስለ ፈጣሪ ተው!" አሉ። ጋሽ በራሶ መዶሻውን ቀስ አድርገው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

ቢላዋው አሁን እናቴ ጋ ነው፣ በደንብ የሚቆርጥላት በግራ እጇ ስትይዘው ብቻ እንደሆነ ትናገራለች። ትናንት ከአጎቴ ደብዳቤ ደረሰኝ፣ ከታች አንድ ነገር ጨምሮበታል፣ ጋሽ በራሶ ሥራ ትተዋል፣ "ልጁ እውነቱን ይንገረኝ፣ መትቶት ነበር ወይ?" ብለው ይጠይቁሃል ይላል።

"ለተከበሩ ጋሽ በራሶ፣ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል" ብዬ ጀምሬ "መትቼዋለሁ" የሚለው ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ። ሳስብ በእስክሪብቶ ጠረጴዛ የማንኳኳት ልማድ አለኝ፣ ዛሬ ሁለቴ እንዳላንኳኳ ቀኝ እጄን በግራዬ ይዤ ተቀምጫለሁ።