የሱሉልታው እጩ አሟሟት

ደገፋ የተገኘው በሱሉልታው የታሸገ ውሃ ፋብሪካ ፎቅ ላይ፣ በራሱ ቢሮ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ነው። ከጎኑ ደም የነካው ጥቁር ድንጋይ ወድቋል። ከበላዩ ያለው የመስኮት መስታወት ተሰብሯል። ግቢው ውስጥ የተሰበሰበው ሰው ፍርዱን ጨርሶ ነበር፤ የገበሬ መሬት ይወስዳል የተባለውን የከተማ ማስተር ፕላን ተቃውመው የወጡት ወጣቶች ወርውረው ገደሉት።

መርማሪ መኪያ ወደ ክፍሉ ስትገባ በሩ ከኋላዋ ድው ብሎ ተዘጋ። ዞራ አየችው። ሲለቁት በራሱ የሚዘጋ፣ ስፕሪንግ ያለው በር ነው። ከሥሩ፣ ወለሉ ላይ፣ አንድ ነገር ለብዙ ጊዜ ተቀምጦበት የኖረ ምልክት ይታያል።

መስኮቱ ተንሸራታች ነው፤ ሲከፈት አንዱ መስታወት በሌላው ላይ ይደረባል። አሁን ዝግ ነው፤ የተሰበረውም አንዱ ብቻ። ቁስሉ ያለው ከሟቹ ማጅራት በላይ ነው።

ደገፋ ፋብሪካውን ከባዶ ተነስቶ የመሠረተ ሰው ነበር። በቅርቡ ሥራ አስኪያጅነቱን አብሮት ለመሠረተው ለአለሙ ለቆ፣ ለምክር ቤት በግል ሊወዳደር ተነሳ። ዓላማው የመሬት ሕጉን ማስለወጥ ነበር፤ መሬቱ ለኢንቨስትመንት የሚወሰድበት ገበሬ በሚተከለው ድርጅት ባለድርሻ ይሁን ይል ነበር። ባለሀብቶቹ ከሃዲ አሉት። ወጣቶቹም አላመኑትም፤ የእሱ ፋብሪካም የቆመው በገበሬ መሬት ላይ ነውና።

ሚስቱ ወርቅውሃ መኪያን ቤቷ ደጃፍ ላይ ቆማ ነው የተቀበለቻት።

«ገዳዩ ታስሯል። እዚህ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ጌዲን ማለትዎ ነው?»

«አዎ፣ የባሌን ወንድም ልጅ። እዚህ ቤት አድጎ እኛው ላይ ሰልፍ መራ።»

«ሲወረውር አይተውታል?»

«ማየት አያስፈልገኝም!»

«የት ነበሩ?»

«የፋብሪካው ግቢ በር ላይ፣ ከዘበኞቹ ጋር። ደገፋ መስኮቱን ከፍቶ ‹ነጋን ገላ›፣ በሰላም ግቡ አላቸው። እሑድ ቡራዩ፣ ምርጫ ቅስቀሳው ላይ፣ እንነጋገራለን አለ። ሌላ ቃል አልወጣውም። እየተሳደቡ ሄዱ፤ ትንሽ ቆይቶ መስታወት ሲሰበር ሰማሁ።»

«የቢሮው በር ሥርስ ምን ይቀመጥ ነበር?»

«ድንጋይ። እንዳይዘጋ ይደገፍበታል። ይሄ ደግሞ ምን አገናኘው?»

መኪያ ወደ ፋብሪካው ተመለሰች። አለሙን መጋዘኑ ደጃፍ ላይ አገኘችው።

«ሰልፈኞቹ ሲመጡ እዚሁ ነበርኩ» አለ። «ያበደ ሰው! ፋብሪካው ያልተጠቀመበትን መሬት ለገበሬዎቹ እመልሳለሁ እያለ በመስኮት ሲጮህላቸው መቱት።»

«ስለ መሬቱ ከዚያ በፊት ነግሮዎት ነበር?»

«በፍጹም! የሰማሁት ያኔ፣ በመስኮት ሲናገር ነው።»

ጌዲ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ እጁ በካቴና ታስሮ ተቀምጧል። ስትገባ ቀና አላለም።

«አልወደውም ነበር፤ ጻፊው» አላት። «ግን አልገደልኩትም። ‹በሰላም ግቡ፣ እሑድ ቡራዩ እንገናኝ› አለንና መስኮቱን ዘጋ። ሰድበነው ሄድን።»

«መሬት እመልሳለሁ ብሎ አልነገራችሁም?»

«ያን ቢል ማን ይሰድበው ነበር?»

ከሰዓት በኋላ መኪያ ጌዲን በፖሊሶች አስመጥታ ሦስቱንም በዚያው ቢሮ ሰበሰበቻቸው። ወርቅውሃ ጌዲን ስታይ ፊቷን አዞረች።

«ድንጋዩ ከውጭ አልመጣም» ብላ ጀመረች መኪያ። «የዚህ በር መደገፊያ ነው። ይኸው ቦታው። ያነሳው ሰው ክፍሉ ውስጥ ነበር።»

«ወጣቶቹ ፎቅ ወጥተው ይሆናል» አለ አለሙ።

«ግቢው በር ላይ ወይዘሮ ወርቅውሃና ዘበኞቹ ነበሩ፤ ማንም አልገባም። ደገፋ ሲናገር መስኮቱ ክፍት ነበር። ያኔ ተወርውሮበት ቢሆን ድንጋዩ በክፍቱ በኩል ይገባ ነበር፤ ወይም የተደረቡትን ሁለቱን መስታወቶች ይሰብር ነበር። የተሰበረው ግን አንድ ነው፤ መስኮቱ ከተዘጋ በኋላ ማለት ነው። ደገፋ ከጀርባው ተመታ። ገዳዩ ከዚያ በዚያው ድንጋይ መስታወቱን ሰበረ፣ ወንጀሉ በወጣቶቹ እንዲሳበብ።»

«አቶ አለሙ፣ ደገፋ ስለ መሬቱ በመስኮት ሲናገር ሰማሁ ብለዋል። እነዚህ ሁለት ሰዎች ዓይን ለዓይን አይተያዩም። ግን የሰጡኝ ቃል አንድ ነው፤ በመስኮት ስለ መሬት አልተናገረም። ከዚያ በፊትም አልነገረኝም ብለዋል። ታዲያ የነገረዎት መስኮቱን ከዘጋ በኋላ ነው፤ እዚሁ ክፍል ውስጥ።»

አለሙ ወርቅውሃ ላይ ሲያፈጥጥ ዓይኑ ቀላ።

«እሑድ ቡራዩ ላይ ሊያውጀው ነበር! እሱ በሕዝብ ፊት ጻድቅ ሊባል፣ አብረን ያቆምነውን በአንድ ቃል ሊበትነው! ለምኜዋለሁ። ጀርባውን ሰጥቶኝ በመስኮት የሚሄዱትን ሰልፈኞች ማየት ቀጠለ።»

«እኔን አቅፈህ አለቀስክ!» ወርቅውሃ ዘላ ልታንቀው ስትል ፖሊሶቹ ያዟት።

አለሙን ወሰዱት። መኪያ የጌዲን ካቴና ፈታች። ወርቅውሃ ወደ ጌዲ ዞረች።

«ቀብሩ ነገ ነው» አለችው።

«ለእሱ እመጣለሁ» አለ ጌዲ። «ለአንቺ አይደለም።»

በማግስቱ ወጣቶቹ ከጌዲ ጋር ግልብጥ ብለው ወደ ቀብሩ መጡ። ነጋዴዎቹ አጉረመረሙ፤ ዘበኞቹ የቤተ ክርስቲያኑን መግቢያ ሊዘጉ ሮጡ።

«ልቀቋቸው፣ ይግቡ!» ብላ ወርቅውሃ ጮኸች።

ጌዲ አካፋ ተቀብሎ ከጓደኞቹ ጋር አፈሩን መለሰ። እሷ ከመቃብሩ ራስጌ ቆማለች። አፈሩ ሞልቶ እስኪደለደል ድረስ አንድም ቃል አልተለዋወጡም።