ለይዲድያ የሚሆን መጽሐፍ

ሐዋሳ ከተማ ውስጥ፣ ከትልቁ መንገድ ዳር፣ አንዲት ጠባብ የመጽሐፍ መደብር ነበረች። ባለቤቷ ጋሽ ወንድይራድ ይባላሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኖላዊትና ታናሽ ወንድሟ ይዲድያ ከእናታቸው ጋር ወደዚያ መጡ። ኖላዊት ሰባት ዓመቷ ነው። ይዲድያ ገና አራት ዓመቱ ነው።

እናታቸው ከመንገዱ ማዶ ካለው ፋርማሲ መድኃኒት መግዛት ነበረባት። ልጆቹን ለጋሽ ወንድይራድ አደራ ሰጥታ፣ «አሁን መጣሁ» ብላ ተሻገረች።

ብዙም ሳይቆይ ሰማዩ ጠቆረ።

«ጓ! ጓ!» አለ ነጎድጓዱ። «ጣ! ጣ! ጣ!» ዝናቡ ቆርቆሮውን ደበደበው።

ደጅ ላይ ሸራ ዘርግተው የሚሸጡት እትዬ አስካለ መጽሐፎቻቸውን በሸራው ጠቅልለው እየሮጡ ገቡ። መጽሐፍ እያዞረ የሚሸጠው ዳንጊሶም የያዛቸውን በጃኬቱ ሸፍኖ ተከተላቸው።

መንገዱ ወንዝ መሰለ። ቡናማ ውሃ እየተንደረደረ መጣና የመደብሯን የመጀመሪያ ደረጃ ሸፈነው።

መብራትም ጠፋ።

«እማዬ የታለች?» አለ ይዲድያ። ማልቀስ ጀመረ።

ኖላዊት በመስኮቱ ወደ ማዶ አየች። ዝናቡ እንደ መጋረጃ ወርዷል። ፋርማሲው አይታይም። እማዬም አትታይም።

ኖላዊትንም እንባ ተናነቃት። ግን ትልቋ እሷ ናት፤ ዋጥ አደረገችው።

ዳንጊሶ የስልኩን መብራት አበራ። ለሚያለቅስ ልጅ ከቀልድ መጽሐፍ የሚሻል የለም ብሎ አንዱን መዘዘ። ካልሲውን ጆሮው ላይ ስላጠለቀ ሰውዬ አነበበላቸው።

ይዲድያ ግን ራሱን ነቀነቀ። «ይሄን አይደለም» አለ።

«ጣ! ጣ! ጣ!» ውሃው ሁለተኛውን ደረጃ ሸፈነው።

እትዬ አስካለ ደግሞ ልጅ የሚወደው እንስሳ ነው አሉና ሸራቸውን ፈቱ። ዝሆን አሳዩት። አፏን የከፈተች ጉማሬ አሳዩት።

ይዲድያ ራሱን ነቀነቀ። «ይሄን አይደለም» አለ።

ጋሽ ወንድይራድ የግጥም መጽሐፍ አመጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እሽሩሩ እንደሚል ሰው ቀስ እያሉ አነበቡለት።

ይዲድያ አሁንም ራሱን ነቀነቀ። «ይሄን አይደለም» አለ።

«ጣ! ጣ! ጣ!» ውሃው ሦስተኛውን ደረጃ ሸፈነው። ከዚያ በላይ ደረጃ የለም።

ጋሽ ወንድይራድ ታች ያሉት መጽሐፎች ቶሎ ወደ ላይ እንዲወጡ ተናገሩ። ዳንጊሶ ያነሳል፣ እትዬ አስካለ ይቀበላሉ፣ ኖላዊትም ትንንሾቹን ታቀብላለች።

ኖላዊት ዞር ስትል ይዲድያ አጠገቧ የለም።

በሩ ተከፍቷል። ይዲድያ በሩ ላይ ቆሟል። አንድ እግሩን ወደ ውሃው ዘረጋ።

ኖላዊት ሮጠች። ሹራቡን ከኋላ ጨብጣ በሙሉ ኃይሏ ሳበችው። ሁለቱም ወለሉ ላይ ወደቁ።

የይዲድያን አንድ ጫማ ውሃው ወሰደው። ጫማው ዞረ፣ ዞረ፣ ከዚያ ጠፋ።

ጋሽ ወንድይራድ በሩን ዘግተው ቀረቀሩት።

ኖላዊት ልትቆጣው ፈለገች። ግን እርጥብ እግሩን በሁለት እጇ ያዘችና ጠየቀችው።

«ይዲዬ፣ የት ልትሄድ ነበር?»

«እማዬ ጋ» አለ ይዲድያ። «ውሃው ይወስዳታል። ይሞላል፣ ይሞላል፣ ሁሉንም ቤት ይሞላል።»

ጋሽ ወንድይራድ ይህን ሲሰሙ ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉ። «ሦስታችንም የምንወደውን ሰጠነው» አሉ። «ምን እንዳስፈራው ግን አልጠየቅነውም።»

ከዚያ ተነሱ። ወንበሩ ላይ ወጡና ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ቀጭን መጽሐፍ አወረዱ። አቧራውን እፍ አሉት።

የሳይንስ መጽሐፍ ነው። ዝናብ ከወረደ በኋላ የት እንደሚሄድ በሥዕል ያሳያል። ጋሽ ወንድይራድ ለኖላዊት ሰጧት። «ላንቺ ነው የሚሰማው፤ አንቺ አንብቢለት» አሏት።

ኖላዊት በጣቷ እየተከተለች አነበበች። «ዝናብ ከሰማይ ይወርዳል። ወደ ቦይ ይገባል። ቦዩ ወደ ወንዝ ይወስደዋል። ወንዙ ወደ ሐይቅ ይወስደዋል።»

ይዲድያ ማልቀሱን አቆመ። «እንደገና» አለ።

እንደገና አነበበች። ይዲድያ ሐይቁስ አይሞላም ወይ ብሎ ጠየቀ። ዳንጊሶ ያደገው ሐይቁ ዳር ነው። ሐይቁ በጣም ሰፊ እንደሆነ፣ ስንት ክረምት ሙሉ ዝናብ ሲቀበል እንዳየው ነገረው።

«እማዬስ?» አለ ይዲድያ።

ጋሽ ወንድይራድ ፋርማሲው ፎቅ እንዳለው፣ እዚያ ያሉ ሰዎች ወደ ላይ መውጣት እንደሚችሉ ነገሩት። ከዚያ ሁሉም መስኮቱ ጋ ቆመው ጠበቁ።

«ጣ... ጣ...» ዝናቡ ቀነሰ። «ጣ...» ከዚያ ዝም አለ።

ከፋርማሲው በላይ፣ በረንዳው ላይ አንዲት ሴት ቆማለች። ቢጫ ሻርፕ ታውለበልባለች።

«እማዬ!» አሉ ሁለቱም።

ግን ገና መሻገር አትችልም። ውሃው አሁንም እየተንደረደረ ነው። እማዬ ከማዶ፣ እነሱ ከዚህ ሆነው እየተያዩ ቆዩ።

ሦስተኛው ደረጃ ታየ። «ወደ ሐይቁ ሄደ» አለ ይዲድያ።

ሁለተኛው ደረጃ ታየ። «ወደ ሐይቁ ሄደ» አለ።

የመጀመሪያው ደረጃም ታየ። እማዬ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ጭቃውን እየረገጠች መጣች። ሁለቱንም አንድ ላይ አቀፈቻቸው። ለረጅም ጊዜ አልለቀቀቻቸውም።

ጋሽ ወንድይራድ ቀጭኑን መጽሐፍ በፌስታል ጠቅልለው ለይዲድያ ሰጡት። እማዬ ይዲድያን አዝላ፣ ሦስቱም ወደ ቤት ሄዱ።

ማታ ይዲድያ አልጋው ላይ ሆኖ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ለእማዬ አሳያት። ሐይቁ ጋ ሲደርስ እንቅልፍ ወሰደው።

እማዬ ወደ ኖላዊት ዞረች። «አንቺንስ ምን አስፈራሽ?» ብላ ቀስ ብላ ጠየቀቻት።

ኖላዊት እስከዚያ ድረስ አላለቀሰችም። አሁን እንባዋ ወረደ።

«ከእጄ ቢያመልጠኝስ ብዬ» አለች።

እማዬ አጠገቧ ተኛች። ይዲድያን የያዘችበትን ትንሽ እጇን ያዘችና ሳመችው። ኖላዊት እንቅልፍ እስኪወስዳት ድረስም አልለቀቀችውም።