የጤና ኮሚቴው ፀጉር ቆራጭ

የሰፈሩ ሰው ለጤና ጣቢያችን ኮሚቴ ሲመርጥ፣ ፀጉር ቆራጩ እጁን አውጥቶ ራሱን ጠቆመ።

«አንተ ደግሞ ስለ ጤና ምን ታውቃለህ?» ቢሉት፣

«የሰፈሩ ወንድ ጭንቅላት ሁሉ በእጄ ነው» አለ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ፤ ተመረጠ።

እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ በኮሚቴው ጤና ጣቢያውን እወክል ነበር። ስናገር ዓይኑን ከእኔ አይነቅልም። ያልኩትን ሁሉ «እደግፋለሁ» ይላል። አንድ ቀን ጠርጥሬ ፈተንኩት። የክትባቱ ቀን ቅዳሜ ይሁን አልኩ፤ ደገፈ። ትንሽ ቆይቼ፣ «ቅዳሜስ አይመችም፣ ይቅር» አልኩ፤ ይህንንም ደገፈ።

ጡረታ የወጡት አስተማሪ፣ ሊቀመንበራችን፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት። «ልጄ፣ የምትደግፈው ሐሳቡን ነው ወይስ ሐሳብ አቅራቢዋን?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን አፈርኩ፤ ተናደድኩም። ስንወጣ በር ላይ ጠበቅኩት።

«ስማ፣ እዚህ እናቶች በወሊድ እየሞቱብን ነው። ኮሚቴው የሚስት መፈለጊያ አይደለም!»

ፊቱ ጠቆረ። «እውነትሽን ነው» ብሎ አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

የሚመለስ አልመሰለኝም ነበር። በሚቀጥለው ስብሰባ ግን መጣ። ነፍሰ ጡሮችን ለክትትል እንዴት እንደምንጠራ ሳስረዳ እጁን አነሳ።

«አልስማማም» አለ። «ሴቶቹን ስትጠሩ ከረማችሁ። ‹ምን ያደርግልሻል፣ ቁጭ በይ› የሚላቸው ባል ነው። እሱን ማን አናገረው? ባሎቹን ለእኔ ተዉልኝ።»

«ምን ብለህ ልታሳምናቸው?»

«ምላጭ አንገቱ ላይ ያለ ሰው አይከራከርም።»

ሳቄን በግድ ዋጥኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ስወጣ ፀጉር ቤቱ ገብቼ የእርግዝና አደጋ ምልክቶችን አስጠናው ጀመር። እንደ ተማሪ እየደጋገመ ይጠይቀኛል። «ፊቷ ካበጠስ? ራሷን ካመማትስ?» በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ስንጋጠም እሱ ወደ መቀሱ፣ እኔ ወደ ወረቀቴ እናቀረቅራለን።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ቤት ለቤት የሚዞሩ ሠራተኞቻችንን ከደጁ ያባርር የነበረ ግንበኛ ነፍሰ ጡር ሚስቱን ደግፎ እያለከለከ መጣ። የራሱ ፀጉር ግማሹ ተላጭቷል፣ ግማሹ እንዳለ ነው። የሴትየዋን ደም ግፊት ስለካ እጅግ ከፍ ብሎ አገኘሁት። አምቡላንስ ጠርተን ወደ ሆስፒታል ይዣት በረርኩ።

«እንድታመጣት ማን ነገረህ?» አልኩት ባልየውን መንገድ ላይ።

«ፀጉር ቆራጩ እየላጨኝ ‹ሚስትህ እንዴት ናት?› አለኝ። ፊቷ አብጧል፣ ራሷንም ያማታል ስለው ምላጩን ጥሎ ከወንበሩ ገፍትሮ አስነሳኝ። ‹ሂድ ውሰዳት!› ብሎ ጮኸብኝ።»

አመሻሹ ላይ ፀጉር ቤቱ በር ላይ ደረስኩ። መቀስ እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

«ተገላግላለች፤ እናትየዋም ልጁም ደህና ናቸው» አልኩት።

ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ዘጭ ብሎ በመዳፉ ፊቱን ሸፈነ። ሲያለቅስ አየሁት።

«ኮሚቴ የገባሁት ላንቺ ብዬ ነበር፤ አልዋሽሽም» አለኝ በመጨረሻ። «አሁን ግን እምቢ ብትዪኝም አልወጣም።»

«እምቢ ማን አለህ?»

ቀና ብሎ አየኝ፤ እጄን ዘረጋሁለት፤ ያዘው። ደንበኛ መጥቶ በሩን ሲያንኳኳ፣ «ዛሬ ዝግ ነው!» ብለን ሁለታችንም እኩል ጮኽን።