የነሲም ደንቆሮዎች

በእኛ ሰፈር ፊደል ያልቆጠረ ሰው ዓይንም ጆሮም የሌለው ይመስላቸዋል። ነሲም ሞቶ የተገኘ ጠዋት ሁለት ፖሊሶች መጡ። ቀና ብለው ጣሪያውን፣ ጎንበስ ብለው ጭንቅላቱ የተፈነከተውን ሬሳ አዩና «ራሱን ወርውሯል» ብለው ጽፈው ሄዱ። እኔ ደጄ ላይ ቆሜያለሁ። ግድግዳ ለግድግዳ ተጎራብተን ያረጀን ሰዎች ነን፤ አንዳቸውም «አንቺስ ምን ታውቂያለሽ?» አላሉኝም። ለዶሮ እንኳ እሽ ይባላል።

የካይሮ ጥራጊ ሁሉ የሚራገፈው እኛ ዘንድ፣ ሙቀጠም ተራራ ሥር ነው። አንዱ ፕላስቲክ ይለያል፣ አንዱ ጨርቅ። ነሲም የሚለየው የሞቱ ኮምፒውተሮችን ነበር። ሚስትም ልጅም የለውም፤ ምድር ቤቱ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ይፈታል፣ ይለቅማል፣ ያስላል። ከጥራጊው መሀል የሚያገኛቸውን ፍላሾች አንድ በአንድ ይፈትናቸዋል። ደህናውን ይሸጣል። ፕሮግራም መጫኛ ተብለው ከፋብሪካ የሚወጡት ግን ተቆልፈው ነው የሚመጡት፤ የያዙትን ያሳያሉ እንጂ ሌላ ነገር አይጻፍባቸውም። «ደንቆሮዎቼ» ይላቸዋል። ይናገራሉ እንጂ አይሰሙም ብሎ። በትልቅ የሰርዲን ቆርቆሮ ያጠራቅማቸዋል።

«ለማንም የማይረቡትን ለምን አትጥላቸውም?» አልኩት አንድ ቀን።

«የለቢብ እናት፣ እኔንስ ለምን አልጣሉኝም?» አለኝ።

ልጄ ለቢብ ባሕር ተሻግሮ ከቀረ ወዲህ ማታ ማታ የምሰማው የሰው ድምፅ የነሲም ሳል ነበር። አሁን ግድግዳው ግድግዳ ብቻ ነው።

አባ ሚሳኤል ዘንድ ሄድኩ። «ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት የለም፤ እጄ ታስሯል» አሉኝ። ክርስቲያን ሆኖ የኖረ ሰው እንደ ውሻ ሊቀበር! ከዚያ ወጥቼ ፖሊስ ጣቢያው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ተነሽ ሲሉኝ ተኛሁ።

በማግስቱ መርማሪ ሪፍዓት የሚሉት መጣ። ቀጭን ነው፤ ከኪሱ ግብጦ እያወጣ ይልጣል፣ ልጣጩን መልሶ ኪሱ ይከታል።

«ጣቢያዬን የዘጉብኝ እናት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ ባሻ። ደግሞም እዘጋዋለሁ።»

ሳቀና «ጣሪያውን ያሳዩኝ» አለ።

ጠፍጣፋው የጋራ ጣሪያችን ላይ ከግንብ እስከ ግንብ ለወጥ የማደርቀው የሙሉኪያ ቅጠሌ ተሰጥቷል። ቅጠሉ ደርቆ ሲነኩት ዱቄት ይሆናል።

«መቼ አሰጡት?»

«ነሲም ሞቶ በተገኘበት ዋዜማ፣ ረፋድ ላይ።»

«ከዚያ ወዲህ ገለበጡት?»

«ለነሲም እያለቀስኩ ሙሉኪያ ልገለብጥ?»

አንድ እግሩን አነሳና ቅጠሉ መሀል አሳረፈ። ተንኮሻኮሸ። እግሩን ሲያነሳ የጫማው ቅርጽ ቁልጭ ብሎ ቀረ።

«አበላሸኸው!» አልኩት።

«ይቅርታ፣ እናቴ። ከእኔ በቀር ግን ያበላሸው የለም» አለኝና ወረደ።

ምድር ቤቱ ውስጥ ያለው የነሲም ሱቅ ገባን። አቧራው በጣት ይታፈሳል። ሪፍዓት ምንም ሳይነካ ዞረ ዞረና ጠረጴዛው ላይ ከታሰረው የብረት መንከሻ፣ ከሞርሳው ፊት ቆመ። የሞርሳው ብረት ያብረቀርቃል።

«ነሲም ዕቃ ያጥብ ነበር?»

«ነሲም? ፊቱንም የሚታጠበው ለትንሣኤ ነው!»

ሐጅ ሳብሪን አስጠራ። መዳብ ገዢ ናቸው፤ ሬሳውን ጓሮ ውስጥ ያገኙት እሳቸው ናቸው።

«ከሟቹ ጋር ትጣሉ ነበር አሉ፣ ሐጅ።»

«ባሻ፣ ከነሲም ጋር ያልተጣላ ሰው ነሲምን አያውቀውም። ተጣልተን ሻይ እንጠጣለን፣ ሻይ ጠጥተን እንጣላለን። አሁን ከማን ጋር ልጣላ?» ዓይናቸውን በእጃቸው ጠረጉ።

«ያን ዕለት ማታ የት ነበሩ?»

«የእህቴ ልጅ ሰርግ ላይ። መንደሩ ሁሉ ስጨፍር ቀርጾኛል፤ ይኸው ወገቤ አልቀና አለ።»

ቀጥሎ ዋግዲ መጣ፤ የነሲም የወንድም ልጅ፣ ብቸኛ ዘመዱ። ምድር ቤቱን ለፕላስቲክ መፍጫ ፈልጎ ስንት ጊዜ ለምኗል፣ ስንት ጊዜ ዝቷል። «በቁሜማ አይሆንም!» ሲለው በግድግዳ ሰምቻለሁ።

«ያን ዕለት ሲመሽ ከዚህ ስትወጣ የለቢብ እናት አይታሃለች» አለው ሪፍዓት።

«የዚህች አሮጊት ዓይን መች ይተኛል? አዎ፣ መጥቻለሁ። አጎቴ መዝሙር በፍላሽ ሞልቶ ሰጠኝ። በጣም ተክዞ ነበር። ከዚያ ‹ጣሪያ ላይ ነፋስ ልቀበል› ብሎ ደረጃውን ሲወጣ በዓይኔ አየሁት። ምነው በያዝኩት!» ከኪሱ ትንሽ ነጭ ፍላሽ አውጥቶ ሰጠው።

ሪፍዓት ተቀበለው። ሌላ ነገር አልጠየቀውም። ሰነፍ መርማሪ መስሎኝ ተናድጄ ነበር።

በነጋታው ሁላችንንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበን፤ ሐጅ ሳብሪን፣ ዋግዲን፣ እኔን፣ አባ ሚሳኤልንም ጭምር። ኮምፒውተር ከፍቶ ፍላሹን ሰካ።

«ዋግዲ፣ መዝሙሩ የታለ? እዚህ ውስጥ የለም።»

ዋግዲ ከንፈሩን ላሰ። «ልጄ ሲነካካው አጥፍቶት ይሆናል። ልጅ አይደል?»

«ልጅህ አጠፋው?»

«አዎ! አሁን ትዝ አለኝ፤ ትናንት ጠዋት ሲጫወትበት ነበር።»

«ሐጅ፣ እስቲ እርስዎም ውስጡ ያለውን ያጥፉልኝ።»

ሐጅ ሳብሪ ቁልፉን ነካኩ። «እምቢ አለ፤ ተቆልፏል ይላል።»

«አንድ ነገር ይጻፉበት።»

«እሱንም እምቢ አለ። ይህማ ከነሲም ደንቆሮዎች አንዱ ነው!»

«ነው» አለ ሪፍዓት ግብጦውን እየላጠ። «ይህ ፍላሽ ከፋብሪካ ሲወጣ የያዘውን ነው ዛሬም የያዘው። መዝሙር ገብቶበት አያውቅም። ያልገባ ነገር ደግሞ አይጠፋም።»

«አጎቴ ተሳስቶ ሰጥቶኝ ይሆናላ!» ጮኸ ዋግዲ።

«ቢሆን ኖሮ መዝሙሩ የለም ስልህ ‹ተሳስቶ ነው› ትለኝ ነበር። አንተ ግን ልጅህን ምስክር አደረግክ። ስትወጣ የለቢብ እናትን በሯ ላይ አየሃት፤ ለምን እንደመጣህ ብትጠየቅ የምታሳየው ነገር አስፈለገህ። ደጃፉ አጠገብ ካለው ቆርቆሮ አንድ ፍላሽ አነሳህ። ነሲም ምን እየለየ እንደሚያጠራቅም አንድ ቀን ጠይቀኸው ቢሆን ኖሮ ከዚያ ቆርቆሮ አታነሳም ነበር።»

ዋግዲ ዓይኑን ወደ በሩ ወረወረ።

«ደረጃውን ሲወጣ አየሁት አልክ። ጣሪያው በደረቀ ቅጠል ተሸፍኗል፤ ከእኔ ጫማ በቀር ኮቴ የለበትም። ነሲም ክንፍ ከሌለው ከዚያ አልወደቀም። ካልወደቀ ደግሞ ጭንቅላቱ የተፈነከተው ሌላ ቦታ ነው። እዚህ ሱቅ ውስጥ ከውሃ ጋር የተዋወቀ ዕቃ ያገኘሁት አንድ ነው፤ እሱም ያ ሞርሳ።»

«ገፋሁት እንጂ አልገደልኩትም! ሞርሳው ላይ ራሱ ነው የወደቀው!»

«ሞርሳው ገደለው እንበል። ሞርሳው ግን ራሱን አያጥብም። ሲጨልም ተመልሶ ሬሳ በጋሪ ገፍቶ ጓሮ አይጥልም።»

ዋግዲን በካቴና አስረው አወጡት። ሐጅ ሳብሪ ቆርቆሮውን አንስተው ደረታቸው ላይ አቅፈው ቆሙ። ምን እንደሚያደርጉበት እሳቸውም የሚያውቁ አይመስለኝም።

አባ ሚሳኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የለቢብ እናት፣ እንግዲህ እጃችን ተፈቷል። ነገ በማለዳ ሰው ሳይበዛ ፍትሐቱን እናደርሳለን።»

«ሰው ሳይበዛ?» አልኳቸው። «ራሱን አጠፋ ሲባል የሰማው መንደሩ ሁሉ ነው፤ ተገደለ ሲባልም መንደሩ ሁሉ ይስማ። ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ሳይበተን፣ ደወሉ ተደውሎ ነው የሚገባው። የነበረው ዘመድ አንድ ነው፤ እሱም ይኸው ሄደ። ስለዚህ የሬሳ ሳጥኑን ራስጌ የሚሸከሙት እርስዎ ነዎት፣ አባ። በትከሻዎ። ከደጄ እስከ መቅደሱ ድረስ።»